መገጣጠሚያም ሐቅ አለው



ሰው በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ጉልበቱን እንደሚያጥፍና እንደሚዘረጋ ቆጥሮ አያውቅም። ከመኝታው ሲነሣ፣ ለውዱእ ሲያጎነብስ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ታክሲ ሲሳፈር፣ ለሶላት ቆሞ ሱጁድ ሲወርድ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ፣ ክርኑና ዳሌው ሳያስባቸው ይታዘዙለታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፀሐይ በወጣች ቁጥር የሰው ልጅ ስለ እያንዳንዱ መገጣጠሚያው ሰደቃ እንዳለበት አስተምረዋል። ይህን ትምህርት ሁላችንም ሰምተነዋል። በእኛ ቤት ግን መገጣጠሚያ መቁጠር የዕለት ሥራ ከሆነ እነሆ 13 ዓመት ሆነው። ልጃችን ሄሞፊሊያ ያለበት ነውና።

ስለዚህ በሽታ ለመጻፍ ያነሣሣን ከንፈር እንዲመጠጥልን አይደለም። በየሰፈሩ ጉልበቱ እያበጠ "ቁርጥማት ነው" እየተባለ የሚቀመጥ ልጅ እንዳለ ስለምናውቅና፣ ያ ልጅ በጊዜው ቢደረስለት እንደ እኩዮቹ ሊራመድ እንደሚችል በዓይናችን ስላየን ነው።

ሄሞፊሊያ ምንድን ነው?

ሰው ሲቆስል ደሙን የሚያረጉ በደም ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች አሉ። እነዚህም ፋክተር ይባላሉ፤ በቁጥርም ይለያሉ። 8ኛው ፋክተር ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ 9ኛው ሲጎድል ደግሞ ሄሞፊሊያ ቢ ይባላል። ሄሞፊሊያ ኤ ከ5,000 ወንዶች ልጆች በአንዱ ላይ ገደማ ይታያል፤ ሄሞፊሊያ ቢ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። በደም ውስጥ ያለው ፋክተር ከጤነኛው መጠን ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ከባድ፣ ከ1 እስከ 5 በመቶ ከሆነ መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ እስከ 40 በመቶ ከሆነ ቀላል ይባላል። ልጃችን ያለበት ሄሞፊሊያ ኤ ሲሆን ከባድ ከሚባለው ወገን ነው።

ብዙ ሰው ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው በምላጭ ቢቆረጥ ደሙ ፈስሶ የሚያልቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ትንሽ ጭረት ጫን ብለው ቢይዙት ይቆማል። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ዓይን በማያየው ቦታ ነው። ከባዱ ዓይነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ከ10 የመድማት አጋጣሚዎች 7ቱ ወይም 8ቱ የሚደርሱት በመገጣጠሚያ ውስጥ ነው። ይበልጡን የሚጠቁትም ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ናቸው።

ደም በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚያለብስ፣ ቅባትም የሚያመነጭ ስስ ሽፋን አለ። ይህ ሽፋን የፈሰሰውን ደም ለማጽዳት ይሞክራል፤ ነገር ግን በደሙ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን እየተከማቸበት ይቆጣል፣ ይወፍራል። የወፈረው ሽፋን አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያወጣል፤ እነዚህ ደግሞ በትንሽ ነገር ይደማሉ። በዚህ ዓይነት ደም እብጠትን፣ እብጠትም ደምን እየወለደ ይሄዳል። አጥንቶቹ እርስ በርስ እንዳይፋጩ የሚጋርዳቸው ለስላሳ ሽፋን ቀስ በቀስ ይበላል። አንዴ ከተበላ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። አንድ መገጣጠሚያ በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ያለ ግልጽ ምክንያት ከደማ ሐኪሞች ልዩ ክትትል ያደርጉለታል፤ የጥፋቱ መንገድ ተከፍቷልና።

አጎትና የእኅት ልጅ

የልጃችን አጎት፣ የእናቱ ታላቅ ወንድም፣ ዛሬ 54 ዓመታቸው ነው። የተወለዱት በወሎ ገጠር ነው። ሲገረዙ ደማቸው ለብዙ ቀናት አልቆመም ነበር ይባላል። በ8 ዓመታቸው ቀኝ ጉልበታቸው አበጠ። ዘመድ አዝማድ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገላቸው፤ ወጌሻ አሸው፣ ዋግምት ተደረገላቸው፣ ትኩስ ነገር ታሰረበት። ሁሉም በፍቅር የተደረገ ነበር። ነገር ግን የደማ መገጣጠሚያ ሲታሽ ይበልጥ ይደማል፤ ሙቀትም የደም ሥርን ይከፍታል። እብጠቱ ሲጎድልላቸው ይነሣሉ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይወድቃሉ። በ15 ዓመታቸው ጉልበታቸው እንደታጠፈ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ምርኩዝ አልተለያቸውም፤ ሶላታቸውንም በወንበር ላይ ይሰግዳሉ።

እኚህ ሰው የበሽታቸውን ስም ያወቁት በ41 ዓመታቸው ነው። ልጃችን በተወለደ በ7ኛው ቀን ተገርዞ ደሙ አልቆም ሲል ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ "በቤተሰባችሁ እንዲህ የሆነ አለ?" ብላ ስትጠይቅ እናቱ የወንድሟን ታሪክ ነገረቻት። የደም ምርመራው ሲመጣ አጎቱም ተጠርተው ተመረመሩ፤ ውጤቱም አንድ ሆነ። አጎቱ ወረቀቱን ይዘው ብዙ ዝም አሉና፣ "እንግዲያው ቁርጥማት አልነበረም" ብቻ አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ግርዛት አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ሊገረዝ ይችላል፤ ነገር ግን በሆስፒታል፣ ፋክተር እየተሰጠውና የሚከታተለው ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው። በእናት ወገን ደሙ አልቆም ያለ ወንድም፣ አጎት ወይም የአክስት ልጅ ካለ፣ ሕፃኑ ከመገረዙ በፊት ደሙን ማስመርመር ነፍስ ያድናል።

"ከአንቺ ነው የመጣው"

ይህን ቃል የልጃችን እናት ሰምታዋለች። ሌሎች እናቶችም ይሰሙታል። እውነት ነው፣ በሽታው የሚተላለፈው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ነው። ተሸካሚ የሆነች እናት ከምትወልደው እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመሙ ዕድል ግማሽ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆኗ ዕድል ግማሽ ነው። ሄሞፊሊያ ያለበት አባት ደግሞ ለወንዶች ልጆቹ አያስተላልፍም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። ይሁንና ከታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት አንድም ታማሚ ያልነበረባቸው ናቸው። ማንም እናት ይህን መርጣ ለልጇ አልሰጠችም። አላህ (ሱ.ወ.) የፈተነውን ቤተሰብ በወቀሳ ደግሞ መፈተን ተገቢ ነውን?

አጎቱ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ናቸው። ታላቋ ባለፈው ዓመት ስትታጭ፣ አባቷ ለሽማግሌዎቹ ነገሩን ሳይደብቁ ነገሩ። "እኔን አንድ ቤት በጉልበቴ ምክንያት ከልክሎኛል፤ ልጄን ግን ማንም ሳያውቅ አይወስዳትም" አሉ። የእጮኛዋ ቤተሰብ ሁለት ሳምንት ዝም አለ። በሦስተኛው ሳምንት የልጁ እናት መጥተው፣ "ስትወልድ የት መውለድ እንዳለባት ንገሩን" አሉ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር። ተሸካሚ ሴት የራሷ ፋክተርም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ እንዳይፈስሳት አስቀድማ መመርመርና በሆስፒታል መውለድ አለባት።

ማስቀመጥ ጥበቃ አይደለም

ልጃችን መዳህ ሲጀምር የመጣው ምክር ሁሉ አንድ ነበር፤ "አታስነሡት፣ አታስሩጡት፣ ቁጭ ይበል"። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የነገረን ግን ተቃራኒውን ነው። መገጣጠሚያን አቅፎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲጠነክር ጉልበቱ አይወላገድም፣ ድንጋይ ሲረግጥም አይናወጥም። የተቀመጠ ልጅ ጡንቻው ይከሳል፤ የከሳ ጡንቻ መገጣጠሚያውን ሊደግፈው አይችልም፤ ያልተደገፈ መገጣጠሚያም ይደማል። ከዚህም ሌላ ተቀምጦ የሚወፍር ልጅ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሸክም ይጨምራል።

ስለሆነም በቤታችን ማታ ማታ ከመግሪብ በኋላ የልምምድ ሰዓት አለ። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከጉልበቱ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይደረጋል። የጭኑን ጡንቻ አጥብቆ ፎጣውን ወደ ታች እየተጫነ እስከ 5 ይቆጥራል፤ ከዚያም ይለቃል። ይህን 10 ጊዜ ይደጋግማል። ቀጥሎ በአንድ እግሩ ይቆማል፤ ታናሽ እኅቱም እየሳቀች ትቆጥርለታለች። በየወሩ በልብስ ሰፊ ሜትር የሁለቱን ጭኖቹን ዙሪያ እንለካለን። አንዱ ከሌላው ከቀጠነ ያ እግር ሥራ ፈትቷል ማለት ነውና ለባለሙያው እንነግረዋለን። ዋና፣ የእግር ጉዞና ብስክሌት ይመከራሉ። ቡጢና ትግል ግን የተከለከሉ ናቸው፤ ግፊያና እርግጫ ያለበት እግር ኳስም እንዲሁ። ልጃችን እግር ኳስ ይወዳል። ይህ ክልከላ ከመርፌው ይልቅ ያሳዝነዋል፤ እኛም ሐዘኑን አንንቅበትም።

12 ዓመት ሲሞላው አንድ ጥያቄ አመጣ። "ትምህርት ቤት ከጓደኞቼ ጋር በእግሬ ልሂድ" አለ። መንገዱ 25 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ አንድ ቁልቁለትም አለበት። ከመካከላችን አንዳችን "ይሂድ" አልን፣ አንዳችን ደግሞ ፈራን። ጥያቄው ሳምንት ሙሉ በቤታችን ውስጥ ተንከባለለ። በመጨረሻ አጎቱን ጠራናቸው። ከኮምቦልቻ መጥተው፣ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ እንዲህ አሉን፤ "እኔን እናቴ ከጎረቤት ልጆች ነጥላ በደጃፍ ታስቀምጠኝ ነበር፤ አላህ ይዘንላትና ሌላ የምታውቀው መንገድ አልነበራትም። እናንተ ግን መድኃኒቱም ምክሩም ደርሷችኋል። ልጁ ይሂድ፤ ቢደማ ታክሙታላችሁ።" ከዚያም ምርኩዛቸውን ይዘው ከልጁ ጋር መንገዱን ሊያዩለት ወጡ፤ ድንጋይ የበዛበትን ቦታ እያሳዩ፣ በየጥጉ እያረፉ።

ልጃችን ከዚያ ወዲህ በእግሩ ይሄዳል። በመጀመሪያው መንፈቅ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ደማ። ታከመ፣ አረፈ፣ ልምምዱን ቀጠለ፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ተመለሰ። በዓመቱ መጨረሻ ሐኪሟ ስድስቱን መገጣጠሚያዎቹን፣ ማለትም ሁለቱን ጉልበቶች፣ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶችና ሁለቱን ክርኖች እያጠፈችና እየዘረጋች መረመረች። ከቀድሞው የባሰ ነገር አላገኘችም። አል-ሐምዱ ሊላህ።

የሱጁድ ምልክት

መገጣጠሚያ መድማት ሲጀምር ከውጪ ምንም አይታይም። ልጁ ግን አንዳች ነገር ይሰማዋል፤ ሙቀት፣ መንዘር ወይም መወጠር። ሕክምናው በዚህ ሰዓት ከተሰጠ የሚፈሰው ደም ጥቂት ይሆናል፤ ቢቻል በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መስጠት ይመከራል። እብጠቱ እስኪታይ መጠበቅ መዘግየት ነው። ሆኖም ልጅ ጨዋታው እንዳይቋረጥበት ወይም መርፌን ፈርቶ ሕመሙን ይደብቃል።

እኛ ብዙ ጊዜ የምናውቅበት በጀመዓ ስንሰግድ ነው። ሱጁድ ለመውረድ ከዘገየ፣ ከሱጁድ ሲነሣ በአንድ እጁ ከተመረኮዘ፣ ለተሸሁድ ሲቀመጥ አንዱን እግሩን ወደ ጎን ካሸሸ፣ ሶላቱ እንዳለቀ "የትኛው ነው?" ብለን እንጠይቀዋለን። በቀን 17ቱን የፈርድ ረከዓዎች የሚሰግድ ሰው 34 ጊዜ ሱጁድ ያደርጋል፤ ይህን ያህል ጊዜ የሚታይ መገጣጠሚያ ሕመሙን ለረጅም ጊዜ አይደብቅም። በደማበት ቀን ግን ጉልበቱን አጥፎ እንዲሰግድ አናስገድደውም። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ሆኖ እንዲሰግድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ፈቅደዋል። በዚያን ቀን አጎትና የእኅት ልጅ በሁለት ወንበር ጎን ለጎን ይሰግዳሉ። ከሳምንት በኋላ አንደኛው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ የሌላኛው ግን እስከ ሕይወት ፍጻሜ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደም አይደለም፤ የመድኃኒትና የዘመን ነው።

ይህ ዕውቀት ከየት መጣ?

ከ1,000 ዓመት በፊት በአንዳሉስ የኖረው ታላቁ ሙስሊም ሐኪም አል-ዘህራዊ "አት-ተስሪፍ" በተሰኘው መጽሐፉ፣ በአንድ መንደር ያሉ ወንዶች ሲቆስሉ ደማቸው ሳይቆም እንደሚሞቱ ጽፏል። በሽታው እንግዲህ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ሕክምናው ነው። በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ ዶክተር ኢንጋ ማሪ ኒልሰንና ባልደረቦቿ መካከለኛው ዓይነት ያለባቸው ሰዎች መገጣጠሚያቸው እንደ ከባዶቹ እንደማይጎዳ አስተዋሉ። "እንግዲያው ከባዱን ወደ መካከለኛው ብንለውጠውስ?" በሚል ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1958 ከመድማቱ በፊት ፋክተር በየጊዜው መስጠት ጀመሩ።

ይህ አካሄድ በአሜሪካ በ65 ትናንሽ ወንዶች ልጆች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ልጆቹ 6 ዓመት ሲሆናቸው፣ ፋክተር ቀን እየዘለለ በመደበኛነት ከተሰጣቸው መካከል የ93 በመቶዎቹ መገጣጠሚያ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሲደሙ ብቻ ከታከሙት ግን ደኅና የተገኘው የ55 በመቶዎቹ ብቻ ነበር። ከዚህም ወዲህ ኤሚሲዙማብ የተባለ፣ ከቆዳ ሥር የሚወጋና በየሳምንቱ፣ በ2 ሳምንት ወይም በ4 ሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። ይህም ለሄሞፊሊያ ኤ ብቻ የሚያገለግል ነው።

መድኃኒቶቹ እጅግ ውድ ናቸው። በእኛ ዓይነቱ አገር ለብዙ ቤተሰብ የሚደርሱት በእርዳታ ነው። ከረጂዎቹ ዋነኛው፣ ራሱ ሄሞፊሊያ የነበረበት የሞንትሪያል ነጋዴ ፍራንክ ሽናብል እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው የዓለም ሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ነው። እርዳታ ደግሞ አንዳንዴ ይበዛል፣ አንዳንዴ ይሳሳል። ብልቃጡ ሲያንስ ለድንገተኛ እናስቀምጥ ወይስ በጥቂት በጥቂቱ እንስጥ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣል። በዚህ ነገር ውሳኔው የሐኪሟ ነው። እርሷ እንደምትነግረን፣ ዝቅተኛ መጠን እንኳ በየጊዜው ቢሰጥ ሲደማ ብቻ ከማከም ይልቅ መገጣጠሚያን ይጠብቃል። እኛም ብልቃጦቹን በማቀዝቀዣ አስቀምጠን፣ እያንዳንዷን መርፌ በደብተር እንመዘግባለን።

ለወላጆች

ልጃችሁ ሄሞፊሊያ ካለበት ወይም ከተጠረጠረ እነዚህን አትርሱ። መገጣጠሚያው ሲያብጥ አታሳሹት፤ ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ፋክተር ካለ ቶሎ ይሰጠው፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ይረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ይደረግለት፣ ሳይጠብቅ በፋሻ ይታሰር። ሕመሙና እብጠቱ መቀነስ ሲጀምር ግን ባለሙያው በሚያሳየው መሠረት ቀስ እያለ ማንቀሳቀስ ይጀምር፤ ዕረፍቱ ከሚገባው በላይ አይርዘም። ለሕመም ማስታገሻ አስፕሪንና እርሱን የመሰሉ ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች አይሰጡት፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። በጡንቻ የሚወጋ መርፌና ዋግምት ወይም ሒጃማ ይቅርበት። ለትምህርት ቤቱና ለመድረሳው መምህራን ንገሯቸው። ለረጅም ሰዓት እግሩን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አይገደድ፤ በየመካከሉ ተነሥቶ ይንቀሳቀስ።

ለጎረቤትና ለዘመድም አንድ ቃል አለን። እንዲህ ያለ ልጅ ስታዩ "ምስኪን" አትበሉት። አብሯችሁ እንዲሄድ ጋብዙት፤ ሲደክመውም ጠብቁት። ለሰላሳ እርምጃ ቆሞ መጠበቅ ሰደቃ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ 9 ቀን የሚውለው የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን ሲደርስ፣ በየአካባቢያችን ጉልበቱ አብጦ የተቀመጠ ልጅ ካለ ፈልገን ወደ ምርመራ እናድርሰው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው፤ ለወላጆቻቸው ሶብሩን፣ ለሐኪሞቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። ጤነኛ ጉልበት የሰጠንንም ከሚያመሰግኑት ያድርገን። አሚን።